ላም የሚይዝ እጅ

ለይኩን ላሚቱን እያለበ ሳለ ከቤቱ ውስጥ የማያውቃት ሴት ድምፅ ሰማ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው፤ በዚህ ሰዓት እንኳን እንግዳ ጎረቤትም አይመጣም። ሴትዮዋ ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ቤት ሙሉ ሰው የሚያዳምጣት ይመስል ነው የምታወራው። የማሽላ አገዳ ግድግዳ ወሬ አያስቀርምና ለይኩን ጆሮውን ጣል አደረገ። "የማህፀን በር" አለች ሴትዮዋ። እጁ ላሚቱ ጡት ላይ ቀጥ አለ። እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ያንን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። "ክትባቱ በትምህርት ቤታችሁ ይሰጣል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያላችሁ ሴቶች ልጆች እንዳትቀሩ" ስትል ግን የማለቢያ ግሬራውን መሬት ላይ ትቶ ተነሳ። ጥጃው ዕድሉን አላሳለፈም፤ ለይኩን እስኪመለስ ድረስ የራሱንም የሰውንም ድርሻ ጠጥቶ ጨረሰ።

ቤት ውስጥ ሴትዮ የለችም። ልጁ ሮዳስ ብቻ ናት፤ በገመድ በተጠለፈችው አንገሬብ አልጋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ስልኩን አቅፋ ተቀምጣለች። ስልኩ የለይኩን ነው፤ የሰሊጥ ዋጋ ለማወቅ ብሎ ገዝቶት ስሙ ብቻ የእሱ ሆኖ ቀረ። መንደራቸው ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብላ ከወንዙ ማዶ ስላለች ኔትወርክ ምድር ላይ አይገኝም፤ ከፍ ካሉ ግን አለ። ስለዚህ ለይኩን በየምሽቱ ስልኩን ከረጅም ሽመል ጫፍ ላይ በጨርቅ ያስርና ከኒሟ ዛፍ በላይ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሮዳስና የክፍል ጓደኛዋ መጂዳ ከሥር ቆመው አንጋጠው ይጠብቃሉ። ስልኩ ጢው ጢው ሲል ትምህርታቸው ወረደ ማለት ነው። ሚስቱ ውባንች በዚያ ስታልፍ "ላም አለኝ በሰማይ" ትላቸዋለች፤ ተረቱን ጨርሳላቸው አታውቅም። ክንዱ እስኪዝል ድረስ ከሰማይ የሚያወርደው ትምህርት ምን እንደሆነ ለይኩን አልመረመረም። አንድ ቀን ጠይቋት "ሳይንስ ነው አባየ" ብላዋለች፤ ለእሱ ደግሞ ሳይንስ ማለት አበባና ድንጋይ ነው። ጎንደር ተቀምጣ ለቆላ ልጆች ስለ ክትባት በስልክ የምታስተምር ሲስተር የዓለምወርቅ የምትባል ነርስ መኖሯን የሰማው ዛሬ ነው። እሱንም የሰማው ጥጃው ትናንት የሮዳስን የጆሮ ማዳመጫ ስላኘከው ነው።

"ማን ናት እሷ?" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"አስተማሪያችን ናት አባየ። የቤት ሥራ ሰጥታናለች፤ ከቤታችሁ አንድ ትልቅ ሰው አስተምሩና የጠየቃችሁን ጥያቄ በራሱ ድምፅ ላኩልኝ ብላለች። አንተን ላስተምርህ?"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አለ ለይኩን፤ ግን አልሄደም። ሮዳስ ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው። ከመጂዳ ጋር እየተፈራረቁ ሲለማመዱት ስለከረሙ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። የማህፀን በር ካንሰር የሚባል በሽታ አለ፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ሴቷ ካደገች በኋላ ሳታውቀው ይገባባትና ዓመታት አድፍጦ ይኖራል፤ አሁን በልጅነቷ ክንዷን ከተከተበች ግን ሰውነቷ ጠላቱን ቀድሞ ስለሚያውቀው ድል ያደርገዋል። ቡድኑ ዛሬ ብቻ ነው የሚመጣው፤ እስከ አሥር ሰዓት ይቆይና ነገ ወደ ሌላ ቀበሌ ያልፋል። "ጥያቄ አለህ አባየ?" ብላ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች።

የለይኩን ደም ፈላ። "ጥያቄ? ልጄን ልትወጉ? አምና ዳለቻን አልወጓትም? በሳምንቱ ጨነገፈች እኮ! በዓይኔ ያየሁትን! በከብቱ ሲሆን ዝም አልኩ፤ በልጄማ አልጫወትም! ነገ ማህፀኗ ቢዘጋ እናንተ ናችሁ የምትወልዱላት? ንገሪያት ለዚያች ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያም ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና "ዛሬ ትምህርት ቤት የለም" አላት። ሮዳስ አላለቀሰችም፤ ይህ ነው የከነከነው። ዓይኗን ኪሱ ላይ ተክላ ቀረች። ንገሪያት ብሎ አዝዟታል፤ ሮዳስ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ናት።

ውባንች ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጠች፤ ባሏን አየችው፤ መልሳ አነሳችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚህ ቤት ያለው ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ከፍተው አያዩትም።

የዳለቻን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሱዳን በኩል የመጣ የሩታና ዘር ያለባት፣ አመድ የመሰለች፣ ኩሩ ላም ናት። የቆላ ከብት ደግሞ ባለቤቱ ካልያዘው ለመርፌ አይቆምም። ለይኩን በዚህ የታወቀ ነው፤ መዳፉን ዓይኗ ላይ ይጭናል፣ አውራ ጣቱን ከጆሮዋ ሥር ያሳርፋል፣ ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፎ "እሽ... እሽ... የኔ እናት" እያለ ያንጎራጉርላታል፤ እንኳን ላም ጎሽ ይተኛለት ነበር። ስለዚህ አምና የከብት ክትባት የመጣ ለት ሁሉም ለይኩን፣ ለይኩን እያለ ጠራው። የዚህን በሬ፣ የዚያን ወይፈን ሲይዝ ዋለ። የራሱ ዳለቻ ተራዋ ሲደርስ እሱ ከአጥሩ ማዶ የሰው ኮርማ ይዞ ነበር፤ የማታውቀው እጅ ያዛት፤ ደነበረች፣ ከእንጨቱ ጋር ተላተመች፣ ተወጋች። በሳምንቱ ጨነገፈች። ለይኩን ለላም የማይታዘነውን ያህል አዘነ፤ እህል አልበላም አለ። ጎረቤቶቹ "ለአንድ ጥጃ ይህን ያህል?" ብለው ሳቁበት። ውባንች ግን አልሳቀችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ፤ እባቡን ያየው መቼ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ረፋዱ ላይ ለከብቶቹ ጨው ሊገዛ ወደ ሽንፋ ወረደ። ጨውስ ነገም ይደርስ ነበር፤ ሮዳስ በረት ገብታ ዳለቻ ጎን ተቀምጣ ከላሟ ጋር ስታወራ መስማቱ ነው ያስወጣው። ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል፤ ማሳው ላይ ነዶው ቆሞ ቆሞ ይታያል። ከደጋ ለአጨዳ የመጡት ሠራተኞች ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ ይጓዛሉ። የጎጃሞቹን አነጋገር ሲሰማ ለይኩን ሁልጊዜ ልቡ ይላወሳል፤ እሱም እንዲሁ ጆንያ ይዞ ለአረም መጥቶ የቀረ ነው። ያስቀረችው ውባንች ናት። ያን ጊዜ ብዙ ልጅ እንወልዳለን ብለው አውርተው ነበር፤ ወንዱን አንተ ስም ታወጣለህ፣ ሴቷን እኔ፣ ተባብለው። ሮዳስ ተወለደች፤ ስሙን ውባንች አወጣች። የወንዱ ስም እስከ ዛሬ ለይኩን ሆድ ውስጥ አለ። ወንዙን ተሻግሮ የከተማውን ዳር ሲረግጥ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጢው አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ለይኩን አላወጣውም፤ አኩርፎታልና።

ዓሊ የመጂዳ አባት ነው፤ ቤቱ መንደር፣ ሱቁ ሽንፋ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ከርከዴ ባጠገቡ አስቀምጦ፣ ስኳር ዛሬም ለምን እንደጨመረ ለሁለት ሠራተኞች ያስረዳል። ሰዎቹ የሚያስረዳቸውን ሳይሆን የሚቀንስላቸውን ነበር የፈለጉት። ለይኩን ጨው አለ፤ ዓሊ ጨውም ከስኳር ጋር ውሎ መኩራት ጀምሯል አለ። በዚህ መሃል ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ኪስህ ውስጥ ጫጩት ታረባለህ እንዴ?" አለ ዓሊ።

ለይኩን ስልኩን አውጥቶ ሰጠው፤ ዝም አሰኝልኝ ማለቱ ነበር። ዓሊ ግን ስክሪኑን አየና የልጆቹን ትምህርት አወቀው፤ ድምፅ መጥቷል ብሎ ነካው። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የሲስተሯ አልነበረም። "ጥያቄ? ልጄን ልትወጉ? አምና ዳለቻን አልወጓትም?" የሚል የወንድ ጩኸት ሱቁን ሞላው። ለይኩን ማን ነው ይሄ ባለጌ ሊል ከንፈሩን ከፍቶ ነበር። ድምፁን ያወቀው "ንገሪያት ለዚያች ሴትዮ" ሲል ነው። ሮዳስ ጠዋት ጣቷን ስልኩ ላይ ያሳረፈችው ልትቀዳው ኖሯል። መልእክቱ ኔትወርክ አጥቶ ኪሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወንዝ ተሻገረና ከተማ ሲገባ ወደ ጎንደር በረረ። ጥያቄውን ራሱ ተሸክሞ አድርሷል ማለት ነው። ሠራተኞቹ ተጠቃቀሱ፤ አንደኛው ሳቁን ለመዋጥ ብሎ የከረጢቱን ስኳር ያሸት ጀመር።

ሳቁ ሳይወጣ የሴትዮዋ ድምፅ ተከተለ። "ጤና ይስጥልኝ አባት። እኔ የዓለምወርቅ ነኝ። በመጀመሪያ ስለ ዳለቻ አዝናለሁ። እኔ ስለ ላም አላውቅም፤ ምን እንዳገኛት የከብት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ያላወቅሁትን ብነግርዎት መዋሸት ይሆናል። ስለ ልጅዎ የማውቀውን ግን ልንገርዎት። ይህ ክትባት ማህፀን አይዘጋም። ማህፀን የሚያሳጣውስ በሽታው ነው። እኛ ዘንድ የሚመጡት ሴቶች ከረፈደ በኋላ ነው የሚመጡ፤ ያኔ የምናደርግላቸው ጥቂት ነው። የልጅዎ ጊዜ ገና ነው፤ የሚከላከሉላትም አሁን ነው።" እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አለችና ድምጿ ለሰለሰ። "ሮዳስ፣ አባትሽ የጠየቁት የላም ጥያቄ እንዳይመስልሽ። ሰው ሲፈራ በሚያውቀው ነገር ነው የሚፈራ። አባት፣ ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ፤ አልቆጣም።"

"እኔ የምልህ" አለ ዓሊ ከርከዴውን እያማሰለ፣ "ያቺ ዳለቻ ዘንድሮ እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት።"

"አላረገዘችም?"

ለይኩን ዕቃ የተደረደረበትን መደርደሪያ ሲመረምር ቆየ። "አርግዛለች" አለ በመጨረሻ። ሠራተኞቹ አሁን አልቻሉም፤ ሳቃቸውን ለቀቁት። ዓሊም አብሮ ሳቀ፤ ግን እጁን የለይኩን ትከሻ ላይ አድርጎ ነው። "መጂዳን እናቷ መስቱራ ትወስዳታለች። እኔ እንዳልሄድ መርፌ ሳይ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ ልጄን ላሳፍራት አልፈልግም" አለ። ሠራተኞቹ ስኳራቸውን ይዘው ወጡ።

ለይኩን ስልኩን አገላብጦ "በዚህ የሚያወሩት እንዴት ነው?" ሲል ጠየቀ። ዓሊ ጣቱን ይዞ አሳየው፤ እዚህ ላይ ተጫን፣ ስትጨርስ ልቀቅ። ከዚያም ጨው ላምጣልህ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ጨው ለማምጣት የሚፈጀው ጊዜ ይታወቃል፤ ዓሊ ግን ጆንያ ሲያነሳ፣ ጆንያ ሲጥል፣ ለራሱ ሲያንጎራጉር ብዙ ቆየ። ለይኩን ዓሊ ጥሎለት የሄደውን ባዶ ሱቅ አየ፤ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "የሮዳስ አባት ነኝ፤ ቅድም የጮኸው" አለ፤ ድምፁ ጠዋት ከጮኸበት ድምፅ ጋር ዘመድ አይመስልም። "እናቷን... ከሮዳስ በኋላ ሁለት ጊዜ ወርዷታል። ሁለተኛው ወንድ ነበር። እና ልጅቱ የእናቷ ዕጣ ካለባት፣ መርፌው አይብስባትም ወይ ብየ ነው። ሌላ አይደለም።" ጣቱን ለቀቀ። ይህንን ለሰው ሲናገር በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ቆመ፣ ጠበቀ። መልስ የለም። ሴትዮዋም ሥራ አላት፤ ስልክ ላይ ተጥዳ አትውልም። ዓሊ ጨውን ይዞ ወጥቶ ፊቱን ሳያየው ጠቀለለለት። ፀሐይዋ ከራስ አልፋ ማዘንበል ስትጀምር ለይኩን ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም፤ አሥር ሰዓት ሩቅ አይደለም። ወንዙን ሲሻገር ስልኩን አወጣና የኔትወርኩ ምልክት አንድ በአንድ ሲጠፋ አየው።

ቤት ሲደርስ ውባንች ደጅ ተቀምጣ በሰፌድ ሰሊጥ ታበጥራለች። ጨውን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሊናገር ሲፈልግ ድንጋይ አንስቶ መሬት ይቆረቁራል፤ አሁንም ድንጋይ አነሳ። ሰሊጡ ሰፌዱ ላይ ሸው ሸው ይላል።

"ለሴትዮዋ ነገርኳት" አለ።

"ምኑን?"

"የልጆቹን ነገር።"

ሰፌዱ ቆመ። የትኞቹን ልጆች አላለችም፤ ታውቃቸዋለች። ሆድ ውስጥ ለቀረ ልጅ በዚህ አገር ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ሙሾ የለው፣ እዝን የለው። ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሱ ያውቃል" ይላል፤ ሴቲቱም በሦስተኛው ቀን ውሃ ትቀዳለች። ሁለተኛውን ለይኩን ራሱ በነጠላ ጠቅልሎ ከኒሟ ሥር ቀብሮታል፤ ውባንች በመስኮቱ ስታየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ እሱ እሷን እንዳያሳዝናት ፈርቶ፣ እሷ እሱን።

"ለይኩን" አለች። ስሙን ስትጠራው ብርቅ ነው። "እኔን ማን ወጋኝ?"

ቀና ብሎ አያት።

"በል ንገረኛ። እኔን እስከ ዛሬ ማን መርፌ ወጋኝ? ክትባት የሚባል በደጄ አላለፈም። ሁለቴ ወረደኝ። የመጣ ነገር ነው፤ መጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ምን አድርጌ ነው እያልኩ አለሁ። ከባድ ዕቃ አንስቼ ነው? ከሰው ተቀያይሜ ነው? አንተ ላሟን ታለቅሳለህ፤ እኔ ላም እንኳ የለኝ የማለቅስበት።" ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አሁን ደግሞ ልጅቱ አድጋ ያ በሽታ ቢይዛት፣ ምን አድርጌ ነው የምትለው አንተ ትሆናለህ። እኔ አውቀዋለሁ ያንን፤ ላንተ አልመኘውም። ሳትሰማ አልልካትም ብየ ነው የጠበቅሁህ።"

ለይኩን ድንጋዩን ጣለና "ያን ቀን ዳለቻን አልያዝኳትም" አለ።

"አልያዝካትም" አለች ውባንች፤ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደሚያባብል ሰው። "ልጅቱንስ?"

ሮዳስ በረት ውስጥ ሁሉንም ሰምታለች መሰል፣ ሳይጠሯት ወጣች። ጸጉሯ ላይ ገለባ አለ። ለይኩን ገለባውን አነሳላት፤ ከዚያ ሌላ ነገር አልተባለም። ሦስቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ። ውባንች ነጠላዋን እየሮጠች ነው የለበሰች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ የጠበቃቸው ነገር የጦር ሜዳ ይመስላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሰፋች ከግራሩ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጣ፣ በረዶ ያለበትን ሳጥን አጠገቧ አድርጋ ጠዋት ሥራዋን ጀምራ ነበር። ሦስተኛዋ ልጅ መርፌው ሳይነካት ጮኸች፤ አራተኛዋ የሦስተኛዋን ጩኸት ሰምታ ሮጠች፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? ትምህርቱን በስልክ ሰምተዋል፣ ቫይረሱን በስሙ ይጠሩታል፣ ጥቅሙን ከነምክንያቱ ይዘረዝሩታል፤ ስለ መርፌው ስለት ግን ማንም አላስተማራቸውም። አንዷ አጥር ላይ ናት። መጂዳ የውሃ ታንከሩ ኋላ ተሸሽጋ እናቷ መስቱራ በአንድ እጇ የራሷን ሻሽ፣ በአንድ እጇ የልጇን ክንድ ይዛ ትጎትታለች። አሰፋች ሳጥኑን ለመዝጋት እጇን ሰድዳ ነበር። ለይኩንን ስታየው ተነፈሰች።

"ጋሽ ለይኩን፣ ሊወስዷት ከሆነ ይውሰዷት። ዛሬ ወሳጅ ነው የበዛው።"

"ልይዛት ነው" አለ ለይኩን።

ሮዳስን በርጩማው ላይ አስቀመጣት። ያን ሁሉ ያስተማረችው ልጅ የበርጩማውን ጠርዝ ስትጨብጥ አየ። ምን እንደሚደረግ እጁ ያውቃል፤ እሱ ማሰብ አላስፈለገውም። መዳፉን ዓይኗ ላይ ጫነ፤ አውራ ጣቱን ከጆሮዋ ሥር አሳረፈ፤ ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፎ "እሽ... እሽ... የኔ እናት" ሲል ጀመረ። የልጅቱ ትከሻ ረገበ። ከሳር፣ ከወተትና ከላብ የተሠራውን የአባቷን ሽታ ሳበች። አሰፋች ወጋች፣ አወጣች፣ ጥጥ አደረገች። ለይኩን ግን አሁንም "እሽ" እያለ ነው።

"አልቋል እኮ ጋሽዬ" አለች አሰፋች።

"አልቋል?" አለች ሮዳስም፤ ከመዳፉ ሥር አንድ ዓይኗን አውጥታ።

ግቢው ሁሉ ሲያይ ነበር። አጥር ላይ ያለችው ወረደች። መጂዳ ከታንከሩ ኋላ ብቅ አለች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ኩራቷን ሰብስባ መጣችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። "ጋሽ ለይኩን፣ እኔንም ይያዙኝ። ግን ‘የኔ እናት’ የሚለውን እንዳይዘሉብኝ" አለችው። መስቱራ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ልጃገረዶቹ ተሰለፉ፤ ለመርፌው ይሁን ለመያዙ አይታወቅም። ለይኩን አንድ በአንድ ያዛቸው፤ የሚያውቃቸውንም የማያውቃቸውንም፤ ሁሉንም የኔ እናት እያለ። ዛሬ ግን የራሱን አስቀድሟል። ውባንች ከግራሩ ሥር ቆማ አየችው። ይህንን ሰው ጆንያ ተሸክሞ በደጇ ሲያልፍ ለምን ውሃ ጠጣ ብላ እንዳስቆመችው ትዝ አላት መሰለኝ፣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ለይኩን እንደ ወትሮው ስልኩን ሽመሉ ጫፍ ላይ አሰረና ከኒሟ በላይ ቀጥ አደረገው። ሮዳስ ክንዷን እያሻሸች አንጋጠጠች። ዛሬ ውባንችም መጥታ ቆመች፤ ላም አለኝ በሰማይ አላለችም። ብዙ ጠበቁ። ክንዱ መዛል ሲጀምር ስልኩ ጢው አለ። አውርዶ ፈታውና ለሮዳስ ሰጣት፤ እሷ የእናቷን እጅ ይዛ ከኒሟ ሥር ተቀመጠችና ከፈተችው።

"አባት፣ መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ከሥራ ገና መውጣቴ ነው" አለች ሲስተር የዓለምወርቅ። ከኋላዋ የከተማ መኪና ይሰማል። "ፅንስ የሚወርድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እኛም ምክንያቱን አናገኘውም። ይህ ክትባት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም። አይብስባትም። እናትየዋም ጥፋት የለባትም፤ ይህንን ይንገሩልኝ።" ከዚያ መልእክቷን የጨረሰች መስሏቸው ነበር። ድምጿ ግን ዝግ ብሎ ተመለሰ። "ቆይ፣ ምናልባት አጠገብዎት ካለች እኔው ልበላት። እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልጆች ነበሩ።"

ሮዳስ እስከ ዛሬ ስለ ልጆቹ አታውቅም ነበር። የእናቷን ፊት አየች፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ውባንች አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ መሬቱን፣ ከኒሟ ሥር ያለውን መሬት፣ ሰው የልጁን ጀርባ እንደሚነካ ነካችው።

"አንዴ ድገሚልኝ" አለች።

ሮዳስ ደገመችላት። ውባንች እስከ መጨረሻው ሰማችና አሁንም ድገሚልኝ አለች። ለይኩን ባዶውን ሽመል ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ጨርቁ ብቻ ነው ያለው፤ ማውረድ ረስቶታል። ይህቺ የማታውቃቸው ሴት በአንድ ቃል ያለችውን እሱ ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተኝቶ አላለውም። ሲናገር ወደ እሷ አላየም፤ ወደ ሽመሉ ጫፍ ነው ያየው።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ውባንች" አለ።

እጇን ከመሬቱ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችው።

"አንተንም" አለችው።